ንፋሱን አውጡለት

እኛ ሰፈር ክረምት መግባቱን የሚያበስረው ዝናብ አይደለም፤ በራችን ላይ ያለው መረሬ የዓመቱን የመጀመሪያ መኪና መያዙ ነው። የደብረ ብርሃንን መረሬ ለማያውቅ ባጭሩ ልንገረው። ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሲረጥብ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። እኔ የላስቲክ ጫማዬን ግራ እግር ያስረከብኩት ካቻምና ሐምሌ ነው። ቀኙን እስካሁን ያልጣልኩት፣ አንድ ቀን ይመልስልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

መኪና ማጓራት ሲጀምር ከየቤታችን ብቅ እንላለን። ምን ተፈጠረ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከድምፁ እናውቀዋለን። ጋቢ የደረበ ጋቢውን እየጎተተ ይመጣል፣ ቡና የጀመረች ስኒዋን ይዛ በሩ ላይ ትሰየማለች። እኔ ከባለስኒዎቹ ወገን ነኝ። አቦል ላይ ጎማው እስከ ግማሹ ገብቷል፣ ቶና ላይ መኪናው በሆዱ ተኝቷል፣ በረካ ላይ ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን በእርግጫ ይማታል። ከዚያ ምክሩ ይከተላል። «መሪውን ወደ ግራ!» ይላል አንዱ። «ኧረ ወደ ቀኝ!» ትላለች ሌላዋ። «ማርሽ ቀይር!» ይላል ዕድሜ ልኩን ከጋሪ ሌላ ነድቶ የማያውቅ ጎረቤቴ። ከመሃላችን መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም መኪናው ውስጥ ነው።

እንግዲህ በር ላይ ቆሜ የተማርኩትን ይህን ሙያ ይዤ ነው ባለፈው ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቆላ የወረድኩት። ከአልዩ አምባ በታች የዘመድ ሰርግ ነበረብን።

ያንን መንገድ የወረደ ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን፣ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ ካፖርት ለብሰው ይነሳሉ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አንኮበር ሲደርሱ ጭላዳዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረው ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያይዎታል፤ ካፖርቱ ይወልቃል። አልዩ አምባ 1,500 ሜትር ግድም ነው፤ እዚያ ሹራቡ ይወልቃል። ከዚያ በታች የሚያወልቁት ያልቅብዎታል። እኛ ታዲያ ለሙሽሮቹ ይዘን የወረድነው ስጦታ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ! ያውም ሁለት። እዚያ አገር በሚያዝያ ሰው አንሶላ እንኳ አይችልም። የሰርግ ስጦታ ግን መቼ ለተቀባዩ ተብሎ ተገዝቶ ያውቃል፤ ሰጪዎቹ ከየት እንደመጡ እንዲታወቅ ነው።

የተከራየናት መኪና አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ውስጧ አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ ጀሪካን አረቄ፣ ሁለት መሶብ፤ ፖርቶመጋላዋ ላይ ደግሞ እግሩን የታሰረ ሙክት በግ። ሹፌሩ በየቁልቁለቱ «አትፍሩ፣ ፎር ዊል ናት» ይለናል። ሳንጠይቀው። አክስቴ መስኮቱ አልከፈት ብሏት ብትነግረው እንኳ የመለሰላት «ፎር ዊል ናት እኮ» ብሎ ነው።

ወንዙጋ ደረስን። ስሙን ልተወው፤ ባለወንዞቹ ዘመዶቼ ናቸው። በበጋ ውሃው ወደ አንድ ጥግ ተሰብስቦ ሕፃን በሚዘለው ቦይ ይወርዳል፤ የቀረው ሁሉ አሸዋ ነው፣ እንደ በሶ ዱቄት የላመ። ከወዲያኛው ዳር የሰርጉ ቤት ዳስ ይታያል፣ ከበሮው ይሰማል። ሹፌራችን ከበሮውን ሲሰማ መሰለኝ ደሙ የፈላው፣ ዝም ብሎ ገባበት። መኪናዋ ጥቂት ሄደችና፣ ድመት ምድጃ ዳር እንደምትተኛው፣ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

«ምንም አልሆነም» አለ ሹፌሩ። መኪና ሲያዝ መጀመሪያ የሚባለው ሁልጊዜ ይሄ ነው። ቀጥሎ ነዳጁን ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፣ አሸዋው ከኋላ እንደ ምንጭ ውሃ ተፈናጠረ፣ እኛም ወደ ታች ወረድን። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን አሸዋ ላይ ነዳጅ መርገጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት መካኒክነት አያስፈልግም። ጎማው በዞረ ቁጥር ሥሩ ያለውን አሸዋ እየዛቀ ወደ ኋላ ይወረውራል፤ የዛቀውን ያህል ይሰምጣል። በሞተር ጉድጓድ መቆፈር ነው። ሹፌራችን በሁለት ደቂቃ የቆፈረውን የእኛ እድር ግማሽ ቀን ሙሉ አይቆፍረውም።

«እስቲ ውረዱልኝ፣ ይቅለላት» አለን። ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን፤ እያንዳንዳችን የሚከብደውን ሰው እየፈለግን። አክስቴ እናቴን አየች፣ እናቴ መሶቡን አየች። እኔም በሆዴ «የኔ ኪሎ ምን ይጨምራል፣ ጠዋት የበላሁት አንድ ጉርሻ ፍርፍር ነው» አልኩ። ጉርሻው አምስት እንደነበረ የሚያውቀው ያጎረሰኝ ሰው ብቻ ነው። «እትዬ፣ እርስዎ እንኳ ይውረዱ» ሲለኝ በጣም ተቀየምኩት። ከአሥራ አንድ ሰው እኔን ምን ለይቶ አሳየው?

ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌው ጋሼማ የመውረድን ነገር አልሰሙም። ጋቢና የሚቀመጥ ሰው አይገፋም፣ ያዛል። «ኦጋዴን ላይ እኮ» ብለው ጀመሩ፣ «ይሄ እኮ አሸዋ አይባልም፤ እኛ በኮማንድ ካር…» እያሉ በመስኮቱ በኩል በከዘራቸው መሪው ወዴት መዞር እንዳለበት ያሳያሉ። ሹፌሩም ታላቅ ሰው ናቸውና «እሺ ጋሼ» እያለ ያዞረዋል። ለካ የተጣመመ ጎማ ፊቱ ያለውን አሸዋ እንደ ማረሻ እየገፋ ይባስ ይይዛል፤ ቀጥ ማድረግ ነበረበት። ማታ ሰርጉ ላይ ባለቤታቸው በጆሮዬ እንደነገሩኝ፣ ጋሼ ኦጋዴን የነበሩት የደመወዝ ጸሐፊ ሆነው ነው። ኮማንድ ካር ላይ የወጡት ሲሄዱና ሲመለሱ።

ከቨርጂንያ ለፋሲካ የመጣው የአጎቴ ልጅ ደግሞ አዘነልን። «እዚያ ቢሆን አንድ ስልክ ነው፤ መጥተው ጎትተው ያወጡሃል» አለ። «እስቲ ደውልልን» አልነው። ስልኩን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ አሸዋውን እያቋረጠ ሄደ፣ ሄደ፣ ወዲያኛው ዳር ደረሰ። ከሁላችንም ቀድሞ ወንዙን የተሻገረው እሱ ነው።

በመጨረሻ ወረድን። መግፋት ተጀመረ። የአገራችን ሰው መኪና ሲገፋ ከሩቅ ላየው ያስፈራል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከአሥሩ እጅ አራቱ ብቻ ነው የሚገፋው። ሁለቱ ድጋፍ ይዘዋል፣ አንዱ «ሆ! በሉ!» ይላል፣ አንዱ ጫማው ውስጥ የገባውን አሸዋ ያራግፋል፣ ሌሎቹ ቦታ ይፈልጋሉ። ደግሞ ቆጠራው! «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲባል ግማሹ ሁለት ላይ ይገፋና ሦስት ላይ ያርፋል፣ ግማሹ ሦስት እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን የሚለቀው አራት ላይ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ያለነው ሁሉ አፋችንን ከፍተን «ሆ!» ስንል ነበርና አሸዋውን ቆረጠምነው። የእህቴ ልጅ በስልኳ ትቀርጻለች። «እቴቴ፣ እስቲ አንቺም እጅሽን አድርጊ፣ ላንሳሽ» አለችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀለበቴን ወደ ላይ አዙሬ፣ እጄን መኪናው ላይ አደረግሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው የፍየል እረኛ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ ያየናል። ከግራሩ ሥር ደግሞ አንድ ሼህ መፋቂያቸውን እያኘኩ ተቀምጠዋል። ልጁ ገና ስንቆም ጀምሮ አንድ ነገር ደጋግሞ ይላል፤ እኛ ደግሞ ደጋግመን «ዞር በል አንተ ልጅ፣ ጎማ ይረግጥሃል» እንለዋለን። ትንሽ ጸጥ ስንል ሰማነው።

«ንፋሱን አውጡለት።»

ሹፌሩ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። «ትናንት የሞላሁትን? ከዚያ በባዶ ጎማ አንኮበርን ልወጣ?» አለ። ሰው ንፋሱን አውጣ ሲባል እንዴት እንደሚከፋው ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በገንዘብ የገዛው ንብረት እንጂ አየር አይመስልም። ልጁ ግን አልተከራከረም። የፊት ጎማው መሃል ላይ ወዳለችው ክብ ነገር ሄዶ በጣቱ መታ አደረጋትና «ይቺንስ ለምን አላዞራችኋትም? ሌሎቹ እዚህ ሲደርሱ ወርደው ያዞሯታል» አለ።

ዝም ተባለ። ሹፌራችን ቀላ። ለካ በእንዲህ ያለች አሮጌ ሃርድቶፕ፣ ማርሹ ቢገባም፣ የፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ በእጅ ካልዞረ የፊቶቹ ዝም ብለው ይከተላሉ እንጂ አይጎትቱም። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ፎር ዊል ናት ስንባል የመጣንባት መኪና ቱ ዊል ነበረች።

በዚህ መሃል ጨው የጫኑ ሦስት ግመሎች በጎናችን መጡ። አልቸኮሉም፣ አላጓሩም፣ አንድ ሰው እንኳ አልገፋቸውም። እግራቸውን ሲያሳርፉት መዳፉ ሰፋ፣ ተንጣለለ፤ ሲያነሱት ጠበበ። አሸዋው ላይ የቀረው ዱካ ጣባ የተደፋበት እንጂ የተረገጠ አይመስልም። ሼሁ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡና «ልጄ፣ ግመል ንፋሷን አውጥታ ነው የተፈጠረችው» አሉት ለሹፌሩ። ነገሩ እንደዚያው ነው። ጎማ ሲጠነክር በትንሽ ቦታ ይቆምና ይወጋል፤ ሲለሰልስ ሆዱ ይረዝማል፣ ያው ክብደት በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ሠላሳ አምስት ፒኤስአይ የነበረውን ወደ አሥራ ስምንት ግድም ማውረድ ነው ሙያው፤ ነዳጅ አይጠይቅ፣ ጉልበት አይጠይቅ። የሚጠይቀው ክብሪት እንጨት ብቻ ነው።

ይህ አገር ደግሞ ለጭነት ጣጣ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከነመድፉ ገጸ በረከት ይዞ ከታጁራ ሲመጣ በረሃውን ያሻገሩት ግመሎች ናቸው። ፋሬ የሚባል ቦታ ሲደርስ ግመሎቹ ተራግፈው ዕቃው በሰው ጫንቃ ወደ ደጋው ወጣ። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን መኪና ሲያመጣላቸው፣ ደግነቱ፣ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ አዲስ አበባ ካዛወሩ ቆይተዋል። እዚያው አንኮበር ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ መኪናዋን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የኔ ቅድመ አያት ነው። ዳር ቆማ የምትመክረውም ቅድመ አያቴ ናት።

ሹፌሩ አሁንም ያመነታ ነበር። ያን ጊዜ ወደ አንኮበር በኩል ሰማዩ አጉረመረመ። የበልግ ደመና ነው። ሼሁ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ መፋቂያቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ቆላ ያደገ ሰው ደጋ ላይ ሲያጉረመርም ደረቅ ወንዝ ውስጥ አይቀመጥም፤ ደራሽ ከላይ ሲመጣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ነው። ሹፌሩ «ውረዱ» ብሎ ሲለምናቸው ያልሰሙት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሼ በሩን ሲከፍቱ አላየሁም፤ ዳር ቆመው ግን አየኋቸው። ከዘራቸውን መኪናው ውስጥ ረስተዋል።

ክብሪት ተገኘ። ሹፌሩ የጎማውን ቡሽ ፈትቶ በእንጨቷ ጫፍ ሲጫነው ፍስስስ አለ፤ እሱም አብሮ የሚተነፍስ ይመስል ትከሻው ወረደ። አንዱ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ልጁ «አንዱን ለእኔ» አለ፤ አራተኛውን እሱ ተጫነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ከንፈሩን አሹሎ። መለኪያ የለም፤ ሼሁ በአውራ ጣታቸው ጎማውን ጫን እያደረጉ «ይብቃው» ይላሉ፣ እንጀራ መብሰሉን እንደሚያይ ሰው። ልጁ ከጎማዎቹ ፊት የተከመረውን አሸዋ በእጁ ዛቀ። የፊቶቹ መቆለፊያ ዞረ። ለኋለኞቹ የሚነጠፍ ነገር ጠፋ፤ ቅጠሉ ሩቅ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ያጉረመርማል። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ብርድ ልብሶቹን አየን።

አክስቴ «በስመ አብ!» አለች። ግን እሷ ናት የፈታችው።

«ስትነሳ እንዳታቆም፣ ፍሬንም እንዳትነካ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ» አለው ልጁ። እኛንም «ከኋላ ዞር በሉ» አለን። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጁን እየዳበሰ እንጂ እየረገጠ ሳይሆን፣ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። ጎማው አንደኛውን ብርድ ልብስ ነከሰ፣ ቆነጠጠ፣ ወደ ኋላ ተፋው፤ ብርድ ልብሱም «ኔትወርክ የለም» ሊለን በሚመለሰው የቨርጂንያ ዘመዳችን ትከሻ ላይ እንደ ሙሽራ ካባ አረፈ። መኪናዋ ግን ተነሳች። እንደ ዳክዬ እየተወዛወዘች ሄደች። አላቆመችም፤ ሊያቆምም አይገባውም ነበር። እኛ አሥር ሰዎች ጫማችንን በእጃችን፣ ነጠላችንን በወገባችን፣ መሶቡን በጭንቅላታችን አድርገን ተከተልናት፤ ጋሼ ከፊት። ወንዙን ተሳፍሮ የተሻገረው በጉ ብቻ ነው።

ደራሹ ያን ቀን አልመጣም። ደመናው ወደ መንዝ በኩል ዞሮ ሄደ። ልጁን ለማመስገን ዞር ስንል ፍየሎቹን ይዞ ርቋል፤ ስሙን እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

ሰርጉ ላይ መኪናዋ እንዴት እንደወጣች ተጠየቅን። ጋሼ በኦጋዴን ዘዴ አወጧት። የቨርጂንያው ዘመዳችን «ከውጭ ሆነህ ስታየው ነገሩ ቀላል ነው» አለ። ሹፌሩ ፎር ዊል መሆኗን በድጋሚ አስረዳ፤ አሁን እንኳ እውነቱን ነው። አክስቴ ብርድ ልብስ በማዋጣት፣ እኔ በመግፋት አወጣናት። እረኛው በየትኛውም ወሬ ውስጥ አልነበረም። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ትተው ጎማዎቹን በብስክሌት ፖምፓ ሲነፉ አመሹ፤ በአራተኛው ጎማ ላይ የሁለቱ ከረባት መሬት ላይ ነበር። ስጦታ ሲቀርብ ብርድ ልብሶቹን የጎማው ምልክት ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገን አጥፈናቸዋል፤ ሙሽራዋ ግን ደስ ብሏት ሕዝብ ፊት ዘረጋቻቸው። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አየችና «ጥለቱ ደስ ሲል!» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ መኪናዋ ጓሮ ቆማለች። የኋላ በሯ አቧራ ለብሷል፤ አቧራው ላይ የገፊዎቹ እጅ ታትሟል። የብዙዎቹ ተንሸራቶ ረዝሟል፣ ወርዷል፣ ተፈጋፍጓል፤ ጣቱ ከመዳፉ አይለይም። ከጥግ በኩል ግን አንድ እጅ አለ፣ አምስቱ ጣት ለየብቻው የተቀመጠ፣ የመዳፉ መስመር የሚቆጠር፣ ቀጥ ያለ፣ ቅንጣት ያልተንሸራተተ፣ ለመታወቂያ የተፈረመ የሚመስል።

ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም አልነበረም። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።